አራት ብሎን፦ የሶስት ደቂቃ ልብ አንጠልጣይ መክፈቻ ስሰራ የያዝኩት ማስታወሻ

ቀን 1

የሶስት ደቂቃ መክፈቻ ልሰራ ነው። ሙሉ ፊልም አይደለም፣ የልብ አንጠልጣይ ፊልም የመጀመሪያውን ትዕይንት ብቻ፣ ያንን ሰው አንዴ ካየው በኋላ ቀሪውን ካላየሁ አላርፍም የሚያስብለውን። ከዚህ በፊት በሰራኋቸው ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሰው ገና ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን አንስቶ መነካካት ሲጀምር አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ያ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ ይሄን አንድ ነገር ለይቼ እስኪገባኝ ድረስ ልሰራው ወሰንኩ፣ የሆነውንም ያልሆነውንም እዚሁ እፅፋለሁ።

ያለኝ እቃ ስልክ፣ ትራይፖድ፣ አንገቱ የሚታጠፍ አንድ የጠረጴዛ መብራት፣ እና ጓደኛዬ የፈቀደልኝ የቤቱ ኮሪደር። ተዋናዩም እሱ ራሱ ነው።

ካሜራ ከመንካቴ በፊት የሌሎችን መክፈቻ ስቶፕዋች (ሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት) ይዤ አየሁ። ወረቀት ላይ ሁለት አምድ አሰመርኩ፣ በግራ ተመልካቹ አደጋውን ያወቀበት ሰዓት፣ በቀኝ ገፀ ባህሪው ያወቀበት ሰዓት።

መጀመሪያ የኦርሰን ዌልስን ተች ኦፍ ኢቭል (1958 እ.ኤ.አ.)። ፊልሙ ሲከፈት የምናየው ፈንጂ የያዘ እጅ ሰዓቱን ሲሞላ ነው። ሰውየው ሮጦ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ይከተዋል፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ምንም ሳያውቁ ገብተው ይነዳሉ። ከዛ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ካሜራው አንዴም ሳይቆረጥ በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለች ከተማ ይከተላቸዋል፣ መኪናው መንገደኛ ሲያልፍ ይቆማል፣ ዋናዎቹ ገፀ ባህሪዎች በእግራቸው ያልፉታል፣ ከፍሬም (ካሜራው ከሚያሳየው ክፍል) ይወጣና ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል፣ ድንበር ላይ ከጠባቂው ጋር ወሬ ይያዛል። መኪና ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ ትላለች፣ ማንም ልብ አይላትም። ግራው አምድ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ፃፍኩ። ቀኙ ባዶ ቀረ፣ ሰዎቹ ሳያውቁ ነው የሚሞቱት።

ቀጥሎ የፍሪትዝ ላንግ ኤም፣ 1931። እዚህ ፈንጂ የለም፣ ምሳ የምታዘጋጅ እናት ናት ያለችው። ሰዓቱ ይደውላል፣ ልጇ ከትምህርት ቤት የምትመጣበት ነው፣ ሳህኑን ታስቀምጣለች። በዛ መሀል ልጅቷ ኳሷን እያነጠረች ሄዳ ስለ ነፍሰ ገዳዩ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ስትወረውር የሰው ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። እናቲቱ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ስትሰማ ትወጣለች፣ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። በኋላ ባዶ ደረጃ፣ ባዶ ጣሪያ ስር፣ ማንም ያልነካው ሳህን፣ ከቁጥቋጦ ስር ተንከባሎ የሚቆም ኳስ፣ ሽቦ ላይ የተያዘ ፊኛ። ግድያው አይታይም። ይሄንን ስቶፕዋቹን ረስቼ ነው ያየሁት፣ ደግሜ መለካት ነበረብኝ።

ሶስተኛ የታራንቲኖ ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ፣ 2009። መክፈቻው ወደ 20 ደቂቃ ይጠጋል፣ አብዛኛው ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ። ይሄኛው አምዴን አበላሸብኝ፣ ምክንያቱም ወለሉ ስር የተደበቁ ሰዎች እንዳሉ የምናየው ገና መጀመሪያ ላይ አይደለም፣ ወሬው ብዙ ከሄደ በኋላ ነው ካሜራው ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር ወደ ታች የሚወርደው። ታዲያ ከዛ በፊት ያለውን ደቂቃ ሁሉ ምን ያዘው? ሶስቴ መለስኩት። የያዘው መኪናው ከሩቅ መምጣቱ ነው። ልጅቷ የተሰጣውን አንሶላ ገለጥ ስታደርገው ሜዳው ጫፍ ላይ ትንሽዬ ሆኖ ይታያል፣ አባትየው ፊቱን ይታጠባል፣ ልጆቹን ግቡ ግን እንዳትሮጡ ይላቸዋል። እንዳትሮጡ ያለው ቃል በቃ ሁሉንም ይነግርሃል። ምን እንደሚፈራ አናውቅም፣ እንደሚፈራ ግን አወቅን።

ቀን 2

ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ሶስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ተመልካቹ ቀድሞ ማወቁ ብቻ አይደለም፣ እሱን ድሮም ብዙ ሰው ይለዋል። ከላዩ ሌላ ነገር አለ፦ ሰዎቹ የሆነ ተራ ስራ ይዘዋል፣ ያ ስራ ደግሞ ማለቂያው ይታወቃል። ድንበር መሻገር። ምሳ ማቅረብ። ወተት ጠጥቶ፣ ወረቀት ዘርግቶ፣ እስክሪብቶ ቀለም ሞልቶ፣ ፎርም መሙላት። ስራው ራሱ ሰዓት ሆኗል፣ ተመልካቹ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት ሳያይ ምን ያህል እንደቀረ ያውቃል። እኔ እስከዛሬ ገፀ ባህሪዎቼን ዝም ብዬ ነበር የማስፈራራቸው፣ ሲፈሩ ነበር የምቀርፃቸው። የሚሰሩት ስራ ግን አልሰጠኋቸውም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስራው ምን ይሁን የሚል ሆነ። ሸሚዝ መተኮስ አሰብኩ፣ ማለቂያው ግልፅ አይደለም። አምፖል መቀየር አሰብኩ፣ አጭር ነው። ማታ ላይ መጣልኝ፣ የበር ቁልፍ መቀየር። አራት ብሎን ይታሰራል። አራት መቁጠር የማይችል ተመልካች የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ቁልፉ ጠፍቶበታል፣ ማንም ያንሳው አያውቅም፣ ፈርቷል፣ አዲስ ይዞ መጥቶ በማታው ይቀይራል። እኛ ግን ከኋላው ወለሉ ላይ እርጥብ የባዶ እግር ዱካ ከበሩ ተነስቶ ወደ ውስጥ ሲገባ አይተናል። እንዳይገባበት በሩን የሚያጠብቅበት ሰው ቤት ውስጥ ነው። እና ዱካው ውሃ ስለሆነ እሱ ብሎን ባሰረ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ማለት ነው፣ አንዱ ስራው፣ አንዱ ማስረጃው።

ለጓደኛዬ ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና "ለምን ጫማውን አወለቀ ሌባው?" አለኝ። ድምፅ እንዳያሰማ አልኩት። "እሺ፣ የኔስ ጫማ ለምን ዱካ አልተወም፣ ውጪ ዝናብ ነው አላልክም እንዴ?" እውነቱን ነው፣ አላሰብኩበትም ነበር። መፍትሄው ስራውን ሲሰራ ከበሩ ምንጣፍ ላይ እግሩ እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ይሄ ያኔ ቀዳዳ መድፈኛ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ቀን 4

ሙከራ ቀረፃ። አልሆነም።

ዱካው አይታይም። አይን ያየዋል ስልኩ ግን አያየውም። ወለሉ ነጣ ያለ ሴራሚክ ነው፣ ሲሚንቶ ቢሆን ውሃ ሲነካው ስለሚጠቁር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፣ ሴራሚክ ግን ውሃ አይመጥም፣ እርጥቡን ከደረቁ የሚለየው ብርሃን የሚያንፀባርቅበት መንገድ ብቻ ነው። መብራቱን ከካሜራው አጠገብ አድርጌው ነበር፣ ስህተቱ እሱ ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ካሜራው ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ አስቀምጬ አንገቱን ዝቅ ሳደርገው ዱካዎቹ አንድ በአንድ አበሩ፣ እያንዳንዱ ጣት ሳይቀር። ያን ሳይ ጊዜ ጮህኩ። ጓደኛዬ ምን ሆንክ ብሎ ከውጪ ሮጦ መጣ።

ሁለተኛ ችግር፣ ውሃው እኔ ካሜራ እያስተካከልኩ ይደርቃል። ግሊሰሪን ትንሽ ጠብ ሲደረግበት ይቆያል፣ ለላብ የሚጠቀሙበት ነው። ዱካው ትኩስ መሆን ያለበት ሾት ላይ በግሊሰሪን፣ እየደረቀ ያለው ላይ በንፁህ ውሃ እንዲሆን ተስማማን።

ሶስተኛ፣ የስልኩ ኤክስፖዠር (የሚያስገባው ብርሃን መጠን)። ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ ራሱ ያበራል ያጨልማል፣ ያ መወዛወዝ ደግሞ ተመልካቹን ካሜራ እያየ እንደሆነ ያስታውሰዋል። ፎከሱንም ኤክስፖዠሩንም ሎክ አድርጌ ሙሉ ቀረፃውን በአንድ ሴቲንግ ሰራሁት።

ቀን 6

ዋናው ቀረፃ። ከምሽቱ ጀምሮ እስከ ሌሊት።

አንደኛው ብሎን፣ ሁለተኛው ብሎን ደህና ሄደ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ "እና እኔ ብሎን ማሰር ብቻ ነው እንዴ የምተውነው? የምፈራው መቼ ነው?" እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር፣ አትፍራ፣ ቁልፉን በደንብ ግጠም፣ ዛሬ ማታ ደህና ልተኛ ብለህ ግጠመው አልኩት። ይሄ መመሪያ ሰራ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር የሰራተኛ ፊት ሆነ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ብሎኗን በአውራ ጣቱ ደግፎ፣ ካቻቢቴውን እየገፋ።

ሶስተኛው ላይ ብሎኗ ከጣቱ አመለጠች።

አልተፃፈም፣ አላቀድነውም። ወለሉ ላይ ነጠረችና ተንከባለለች፣ ብሎን ደግሞ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ክብ እየሰራ ይሄዳል፣ ዞራ ዞራ ከምንጣፉ ራቅ ብላ ልክ ዱካዎቹ መሀል ቆመች። ከት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ስራ ላይ ስለነበር ካሜራውን ረሳው፣ ከምንጣፉ ወረደ፣ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ብሎኗን ሊያነሳ አንድ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ። መዳፉ ያረፈው ዱካው ላይ ነው። አነሳት፣ ቀና ሲል መዳፉ እርጥብ መሆኑ ተሰማው፣ አላየውም፣ ሱሪው ላይ ጠረግ አደረገውና ተመልሶ ሶስተኛውን ብሎን ማሰር ቀጠለ።

ካሜራው ጀርባ ቆሜ ፀጉሬ ቆመ። ታሪኩን የፃፍኩት እኔ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን ፀጉሬ ቆመ።

ኮንቲኒቲው (ሾቶቹ እርስ በርስ መግጠማቸው) ልክ ስላልነበር (ዱካው በዛ ሰዓት ግማሹ መድረቅ ነበረበት) ደግመን መቅረፅ ነበረብን። አስራ ሰባት ቴክ። ብሎኗ አንዴ ግድግዳ ስር ትገባለች፣ አንዴ እግሩ ስር ትቀራለች። በመጨረሻ በንፁህ ውሃ ዱካውን ሰራን፣ ተረከዙን በፀጉር ማድረቂያ አደረቅነው፣ አምስቱ ጣቶችና የመሀል እግሩ ፊት ብቻ ቀረ፣ ብሎኗም እሺ አለች። እና ያ ቀዳዳ መድፈኛ ያልኩት ምንጣፍ ይሄኔ ነው ዋጋው የገባኝ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከምንጣፉ ያልወረደ ሰው እግሩን ሲያወርድ ብቻውን ትልቅ ነገር ይሆናል።

ቀን 8

የመጀመሪያ ኤዲት። ለአምስት ሰው አሳየሁ፣ ለየብቻ። ምንም አስተያየት አልጠየቅኩም፣ ደስ የማይል ነገር በተሰማችሁ ቁጥር ጠረጴዛውን ኳ አድርጉ ብቻ አልኳቸው፣ እኔ ሰከንዱን እፅፋለሁ።

በዚህ ኤዲት ዱካውን ደብቄው ነበር። ሰውየው ቁልፉን ይጨርሳል፣ ይቆልፋል፣ ከዛ ካሜራው ዞሮ ዱካውን ያሳያል። ትልቅ ድንጋጤ ይሆናል ብዬ ነው። ሆነም፣ አምስቱም 2፡46 ላይ ኳ አደረጉ፣ አንዱ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ግን ከዛ በፊት ባለው ጊዜ ሁሉ አንድም ኳ የለም፣ ብሎኗ ስትወድቅ እንኳን የለም፣ መዳፉ ውሃውን ሲነካ የለም። ታላቅ እህቴ መሀል ላይ "ቁልፍ አገጣጠም ነው እንዴ?" አለችኝ፣ ልቧ እንዳልተንጠለጠለ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ላይ የሚያነሳው ምሳሌ አለ፣ ጠረጴዛ ስር ያለ ቦምብ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው የምትሰጠው፣ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ያስጨንቀዋል ይላል። ይሄንን ከዓመታት በፊት አንብቤዋለሁ፣ ለሰውም ነግሬዋለሁ፣ ግን እጄ ኤዲት ላይ ሲደርስ ድንጋጤውን ልለቀው አልቻልኩም። የራስህን ትልቅ ካርድ ገና ስምንተኛው ሰከንድ ላይ መጣል ያማል። ጣልኩት።

ቀን 9

ዱካው ሰከንድ 8 ላይ። ሁለተኛ ሙከራ፣ ሌሎች አምስት ሰዎች።

ሶስቱ ምንም አልተሰማቸውም። ምን አያችሁ ስላቸው አንዷ ወለሉ የታጠበ መሰለኝ አለች፣ ሁለቱ የራሱ ዱካ መሰለን አሉ። ለካ ማሳየትና ማሳወቅ ይለያያል። እኔ ስለማውቀው ቁልጭ ብሎ የታየኝን ነገር እነሱ እንደ ዕቃ አዩት።

ሶስት ሾት ቀየርኩ። የመጀመሪያው ሾት አሁን የሰውየው ጫማ ነው፣ ምንጣፉ ላይ የቆመ ከነገመዱ የታሰረ ጫማ፣ ሁለት ሰከንድ። ከዛ በዛው ከፍታ ወለሉ ላይ የባዶ እግር ዱካ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ የዞሩ። ከዛ ዱካው ወደሚያልቅበት የተዘጋ የመኝታ ቤት በር። ጫማ፣ ባዶ እግር፣ በር። ቃል የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ አስራ አንድ ሰከንድ። ከዛ በኋላ ዱካውን ለብቻው በክሎዝ አፕ (በጣም አቅርቤ) አላሳይም፣ ከኋላው ደብዘዝ ብሎ ፎከስ ውጪ ሆኖ ፍሬሙ ጥግ ላይ ይቀመጣል። አንዴ የነገርከውን ሰው ደጋግመህ ከነገርከው ይደነዝዛል፣ ራሱ እንዲፈልገው ተውለት፣ አይኑ ከብሎኑ ወደ ጥጉ ከጥጉ ወደ ብሎኑ ሲመላለስ ስራውን እሱ ይሰራልሃል።

ቀን 11

ሙዚቃ። ዝቅ ያለ እየጨመረ የሚሄድ ድምፅ ከስር አስገባሁ፣ የለመድነውን አይነት። ለብቻው ሲሰማ ያስፈራል። ከምስሉ ጋር ስሰማው ግን የሆነ ነገር ሞተ፣ ምን እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ተች ኦፍ ኢቭል ትዝ አለኝ። በ1958 ሲወጣ ስቱዲዮው ያን ረጅም ሾት ላይ የባለሙያዎቹን ስም ዝርዝርና የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ነበር የጫነበት። በ1998 የፊልም ኤዲተሩ ዋልተር መርች ዌልስ ትቶት በሄደው ማስታወሻ ተመርቶ ፊልሙን ደግሞ ሲያስተካክል ፅሁፉንም ሙዚቃውንም አነሳና በቦታው የመንገዱን ድምፅ አስገባ፣ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣ ዘፈን፣ የመኪናው ሬዲዮ። ሁለቱንም አስተያይቼ አየኋቸው። በሁለተኛው መኪናው ከፍሬም ሲወጣ ሬዲዮው ይርቃል፣ ሲቃረብ ይመለሳል፣ ማለት ፈንጂውን ሳታየውም በጆሮህ ታውቀዋለህ የት እንዳለ። የኔ ሙዚቃ የገደለው ይሄን ነው፣ ጆሮ ቤቱን እንዳያዳምጥ ሸፈነው። ቤት ውስጥ ሰው አለ ተብሎ የተነገረው ተመልካች የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ጆሮውን መጣል ነው፣ እኔ ደግሞ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ጫንኩበት።

አጠፋሁት። ስልኩን ወደ ብሎኑ አስጠግቼ የካቻቢቴውን ጥርጥርታ ለብቻው ቀዳሁ፣ ዝናቡን በሩ ተዘግቶ ከውስጥ እንደሚሰማው አድርጌ ቀዳሁ፣ ባዶውን ኮሪደር ማንም ሳይተነፍስ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። ሁለተኛው ብሎን ታስሮ ሲያልቅ ካቻቢቴው ሲቆም ለአራት ሰከንድ ዝም ነው። ከውስጥ የሚመጣ ምንም ድምፅ አላስገባሁም፣ ጥያቄው ብዙ ፈትኖኝ ነበር፣ ትንሽ የእንጨት ሲጥታ ብትኖር የሚል። ካስገባሁ ግን ተመልካቹ ማዳመጡን ያቆማል፣ የጠበቀውን አገኘዋ።

ቀን 12

ፍጥነት። ልማዴ ወደ መጨረሻ ሲቃረብ ቶሎ ቶሎ መቁረጥ ነው። ሞከርኩት፣ አራተኛውን ብሎን በሰባት አጫጭር ሾት። ማስታወቂያ መሰለ። ተገለበጠ፣ አንደኛው ብሎን ስድስት ሾት ነው፣ ሁለተኛው አራት፣ ሶስተኛው ብሎኗ የምትወድቅበት ሁለት፣ አራተኛው አንድ ያልተቆረጠ የ31 ሰከንድ ሾት ከጀርባው። ከት ማለት ለካ ለተመልካቹ ትንፋሽ መስጠት ነው፣ እየቀነስኩት ስሄድ ትንፋሹ አጠረ።

ቀን 14

ሶስተኛ ሙከራ፣ አምስት አዲስ ሰው እና እህቴ። እህቴ ታሪኩን ታውቀዋለች፣ ስለዚህ የሷን አልቆጥርም ብዬ ነበር።

ኳ ኳ የተጀመረው ሰከንድ 11 ላይ ነው፣ በሩ ሲታይ። ከዛ አንደኛው ብሎን ላይ ፀጥ አሉ፣ ፈራሁ። ሁለተኛው ሲያልቅ፣ አራቱ የዝምታ ሰከንዶች ላይ፣ አራቱ ኳ አደረጉ። ብሎኗ ስትወድቅ አምስቱም። መዳፉ ውሃው ላይ ሲያርፍ ማንም ኳ አላደረገም፣ እጃቸው ቀርቷል። ሱሪው ላይ ሲጠርገው እህቴ፣ ታሪኩን የምታውቀው እህቴ፣ ስክሪኑን "ኧረ ዞር በል! ኧረ ከኋላህ!" አለችው።

ወረቀቱ ላይ ሰከንዱን መፃፍ ረሳሁ። በኋላ ከቪዲዮው ፈልጌ አገኘሁት፣ 1፡58።

ቀን 15

የቀረኝ መጨረሻው ብቻ ነው። የተቀረፀው መኝታ ቤቱ በር ትንሽ ሲከፈት ነበር። ስድስት ሰው ካየሁ በኋላ አያስፈልግም አልኩ። አሁን አራተኛው ብሎን ይታሰራል፣ ሰውየው ቁልፉን ከውስጥ ሁለቴ ያዞረዋል፣ እጀታውን ሳብ አድርጎ ይሞክረዋል፣ አይንቀሳቀስም፣ ትከሻው ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ወደ ኮሪደሩ ያያል። ወለሉ ደርቋል። አዲሱን ቁልፍ ኪሱ ይከታል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ በባዶ እግሩ ወደ መኝታ ቤቱ መሄድ ይጀምራል፣ እኛ ምንጣፉ ጋ ከጫማው ጋር እንቀራለን።

2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ጓደኛዬ ጋ ነገ ይዤለት እሄዳለሁ፣ እሱ እስካሁን አላየውም።